በሰዓት የሚከፈል ሰማይ

አውሮፕላን ማብረር ተምሬ በትርፍ ጊዜዬ እንደምበር ስናገር ሁለት ጥያቄ ይከተለኛል። አንዱ «አትፈሪም?» ነው። ሌላው ድምፅ ዝቅ ተደርጎ ነው የሚመጣው፦ «ገንዘቡን ከየት አገኘሽው?»

ሁለተኛውን ላስቀድም። ሙያዬ ሂሳብ ነው። የሌሎችን ገቢና ወጪ ሳስታርቅ ነው የምውለው። ይህን የራሴንም ወጪ ያለ ስሌት አልጀመርኩትም።

መብረር ርካሽ አይደለም። ሰው እንደሚያስበው የማይደረስበትም አይደለም። የበረራ ትምህርት ሲነሳ ቶሎ ብሎ የሚታየን የአየር መንገድ ካፒቴን ለመሆን የሚወጣው ወጪ ነው። እሱ ሙያ ነው። ብዙ ፈተና፣ ብዙ ሰዓት፣ ብዙ ጊዜም ብድር አለበት። እኔ የማወራው ሌላ ነገር ነው። ሁለት ወይም አራት ወንበርና አንድ ሞተር ያላትን ትንሽ አውሮፕላን በሰዓት ተከራይቶ፣ አሰልጣኝ ከጎን አስቀምጦ፣ ለነፍስ ደስታ ስለ መማር ነው። የሚቀጥራችሁ የለም፤ የሚያስቸኩላችሁም የለም። አቅም ሲኖር ትበራላችሁ፤ ሳይኖር ታርፋላችሁ። ዋናው ነገር ደግሞ ደስታው ፈቃዱ እስኪወጣ የማይጠብቅ መሆኑ ነው። ከመጀመሪያው ሰዓት ይጀምራል።

ይህን የምለው ለማሳመን ብዬ አይደለም፤ እንዲህ ስለሆነ ነው። በመጀመሪያው ትምህርት ላይ አውሮፕላኗ ከመሬት ተነስታ ከፍታ ከያዘች በኋላ መሪው በእጃችሁ ይገባል። ወደ እናንተ ስትስቡት አፍንጫዋ ቀና ይላል፣ ስትገፉት ይደፋል፣ ወደ ጎን ስታዞሩት ክንፏ ያዘነብላል። ሌላ ምስጢር የለውም። ከዚያ ትሪም የምትባል ትንሽ መዘውር አለች። እሷን በጥቂት በጥቂቱ ስታዞሩ መሪው ላይ የሚሰማችሁ ግፊት እየቀለለ ይሄዳል። ልክ ሲመጣ እጃችሁን ትለቃላችሁ፤ አውሮፕላኗም ከፍታዋን ጠብቃ ዝም ብላ ትሄዳለች። አሰልጣኜ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። «በሁለት ጣት ያዢያት፤ አታንቂያት» ይሉኝ ነበር። እኔ ያን ቀን አውሮፕላን መብረር እንደምትፈልግ ተረዳሁ። አየር ላይ የምትቆየው በእኔ ጉልበት አይደለም። የእኔ ሥራ እንዳልረብሻት መጠንቀቅና ወዴት እንደምንሄድ መንገር ነው። ይህን ለማወቅ ፈቃድ አያስፈልግም። አብዛኞቹ የበረራ ትምህርት ቤቶች የሙከራ በረራ አላቸው፤ አንድ ጊዜ ከፍላችሁ ትቀምሱታላችሁ፤ ካልጣማችሁ እዚያው ያበቃል።

አሁን ወደ ስሌቱ። ዋጋ ከቦታ ቦታ በጣም ይለያያል፤ የሚጠየቀው ሰዓት ግን ያን ያህል አይራራቅም። ስለዚህ በገንዘብ ሳይሆን በሰዓት እናስላው። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት፣ ኢካኦ፣ ለግል አብራሪ ፈቃድ ቢያንስ 40 የበረራ ሰዓት ይጠይቃል። ሥልጠናው በጸደቀ ፕሮግራም የተሰጠ ከሆነ 35 ይበቃል። ከዚህ ውስጥ 10 ሰዓቱ ብቻችሁን የምትበሩት ነው። አሜሪካ 40 ትጠይቃለች፣ አውሮፓ 45። ቀለል ያሉ ፈቃዶችም አሉ። የአውሮፓው የቀላል አውሮፕላን ፈቃድ በ30 ሰዓት ይጀምራል፣ የአሜሪካው ስፖርት ፓይለት ደግሞ በ20። ምን ዓይነት አውሮፕላን ማብረር እንደሚቻል ይገድባሉ እንጂ፣ ፀሐያማ በሆነ ቀን ወጥቶ ለሚመለስ ሰው ብዙ ጊዜ ይበቃሉ።

እነዚህ ግን ዝቅተኛ ቁጥሮች ናቸው። ሥራ እየሠራ የሚማር ሰው ብዙውን ጊዜ 60 ሰዓትና ከዚያም በላይ ይፈጅበታል። በጀት በ40 አይወጣም። 70 ያዙ። በሁለት ዓመት ስታካፍሉት በወር ሦስት ሰዓት ገደማ ይሆናል። አካባቢያችሁ ያለ ትምህርት ቤት ለአንድ ሰዓት የሚያስከፍለውን በሦስት አባዙትና በየወሩ ከምታወጡት ሌላ ወጪ ጎን አስቀምጡት። ከዚያ በኋላ ይቻላል ወይስ አይቻልም የሚለው የእያንዳንዱ ሰው ቤት ጉዳይ ነው። ቢያንስ ግን የምትወስኑት በፍርሃት ሳይሆን በቁጥር ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ መናገር እፈልጋለሁ። ገንዘቡን በየወሩ ቆጥቡ፣ በረራውን ግን አትበትኑት። ትምህርቱን የሚያስወድደው የሰዓቱ ዋጋ ብቻ አይደለም፤ በመካከል የሚገባው ክፍተት ነው። ማረፍ የሚማረው እጅ ነው፤ እጅ ደግሞ ቶሎ ይረሳል። ወር ሙሉ ቆይቶ የሚመጣ ተማሪ የትምህርቱን ግማሽ ያለፈውን ለማስታወስ ያጠፋዋል፤ የሚከፍለው ግን ሙሉውን ነው። በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ የሚበር ሰው ካቆመበት ይቀጥላል። ስለዚህ ለጥቂት ወራት ምንም ሳትበሩ አጠራቅሙ። ጥሩ የአየር ሁኔታ ያለበትን ወቅት ምረጡና ያኔ አከታትላችሁ ብረሩ። እኔ ያደረግሁት ይህንን ነው። ያ የመጠበቅ ጊዜም ባዶ አይደለም፤ የሚነበብ ሞልቷል። በአውሮፓ ሥርዓት ብቻ የጽሑፍ ፈተናው ዘጠኝ ትምህርት ነው፦ ከአየር ሕግና ከሚቲዎሮሎጂ እስከ አቅጣጫ ፍለጋና የሰው ልጅ አካል አየር ላይ እንዴት እንደሚሆን ድረስ። መጽሐፍ ደግሞ ከበረራ ሰዓት ጋር ሲነጻጸር ምንም አይደለም።

ነጻ የሆነ ሌላ ነገርም አለ። አብራሪዎች ወንበር ላይ መብረር ይሉታል። የአውሮፕላኑን ኮክፒት ፎቶ ፊታችሁ ትለጥፋላችሁ፣ ወይም ዓይናችሁን ትጨፍናላችሁ፣ ከሞተር ማስነሳት እስከ ማረፍ ድረስ እያንዳንዱን ነገር በእጃችሁ እየነካችሁ፣ በአፋችሁ እየተናገራችሁ ትለማመዳላችሁ። ስሮትል (የሞተሩን ኃይል የሚጨምረውና የሚቀንሰው እጀታ) ሙሉ። ፍጥነት እየጨመረ ነው። የዘይት ግፊት ልክ ነው። አፍንጫ ቀና። ቤት ውስጥ የሚያየኝ ሰው ግር ሊለው ይችላል፤ እኔ ግን ምሽት ላይ ሩብ ሰዓት ሳልሠራው የምሄድበት በረራ የለም። በብዙ ቦታ የኪራይ ሂሳብ የሚቆጥረው ሞተሩ ከተነሳበት ደቂቃ ጀምሮ ነው። መንደርደሪያው ጫፍ ላይ ቆሞ ቼክሊስት ማገላበጥም ገንዘብ ነው። ወንበር ላይ የተለማመደ ሰው እዚያ አይቆምም።

ከሁሉም በፊት ግን የሕክምና ምርመራውን አድርጉ። መነጽር ማድረግ በአብዛኛው አይከለክልም። ሌላ የጤና ጥያቄ ካለ ግን ብዙ ሰዓት ከከፈላችሁ በኋላ ከምትሰሙት አስቀድማችሁ ብታውቁት ይሻላል። የኮርሱን ሙሉ ክፍያ አስቀድማችሁ እንድትከፍሉ ብትጠየቁም እንቢ በሉ። ቅናሽ አለው ቢሏችሁም እንቢ። በሰዓት ወይም በትንንሽ ጥቅል መክፈል ይሻላል፤ የሂሳብ ሠራተኛ ምክር ነው።

የሰዓቱ ዋጋ ውስጥ ምን እንዳለ ማወቅም ጥሩ ነው፤ ሳያውቁት ሲከፍሉት ያበሳጫል። ነዳጁ አንዱ ክፍል ብቻ ነው። እኔ የምበርባት ሴስና 172 ናት። ይህ ሞዴል መመረት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1956 ሲሆን ከ44,000 በላይ ተሠርቷል፤ በታሪክ በቁጥር የሚበልጠው አውሮፕላን የለም። የእኔዋ ከእኔ በዕድሜ ትበልጣለች። በሰዓት ከ30 ሊትር በላይ ትጠጣለች። የምንከፍለው ግን ለዚያ ብቻ አይደለም። በየ100 ሰዓቱ ተከፍታ ትመረመራለች። ሞተሯ 2,000 ሰዓት ገደማ ሲሞላው ሙሉ በሙሉ ይታደሳል፤ ለዚያ ቀን በየሰዓቱ ጥቂት ይቀመጣል። ኢንሹራንስ አለ፣ የማቆሚያ ቦታ አለ፣ አሰልጣኙ አለ። ያረጀች አውሮፕላን ያለ ስጋት የምትበረው ለዚህ ነው። እኔ በዚህ ገንዘብ ተከራክሬ አላውቅም።

ዋጋው ከከበዳችሁ አነስ ያለ ሞተር ፈልጉ። ባለ ሁለት ወንበሯ ሴስና 152 በሰዓት ከ20 እስከ 25 ሊትር ይበቃታል። ሮታክስ 912 የሚባለው ሞተር ያላቸው ቀላል አውሮፕላኖች ከ20 ሊትር በታች ይጠቀማሉ፤ የመኪና ቤንዚንም ይቀበላሉ። እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ የስሎቬኒያው ፒፒስትሬል የሠራው ቬሊስ ኤሌክትሮ በአውሮፓ ሙሉ ማረጋገጫ በማግኘት የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ አውሮፕላን ሆኗል። አየር ላይ የሚቆየው ለ50 ደቂቃ ገደማ ነው። ለጉዞ አይሆንም። ለተማሪ ግን፣ ተነስቶ ዞሮ ለማረፍ፣ ይበቃል።

ከሁሉም የሚያስገርመኝ ግን ግላይደር ነው። ሞተር የለውም፤ ስለዚህ የሚቃጠል ነዳጅም የሚታደስ ሞተርም የለም። ከግላይደሩ ጋር የተያያዘ፣ ብዙ ጊዜ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም ገመድ መንደርደሪያው ጫፍ ላይ ባለ ዊንች፣ ማለትም ገመድ በሚጠቀልል ማሽን፣ በፍጥነት ይጠቀለላል፤ ግላይደሩም ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ በመቶዎች የሚቆጠር ሜትር ይወጣል። ገመዱን ይለቅና ዝም ይላል። ከዚያ በኋላ አብራሪው የሚሞቅ መሬትን፣ የሚነሳ አየርን እያሳደደ ከፍ ይላል። ኤ ኤስ ኬ 21 የሚባለው የማሠልጠኛ ግላይደር አንድ ሜትር ሲወርድ 34 ሜትር ያህል ወደ ፊት ይሄዳል። በብዙ ክለቦች አሰልጣኞቹ በፈቃደኝነት ነው የሚሠሩት፤ አባላቱ ገመድ ይጎትታሉ፣ ክንፍ ይይዛሉ፣ ሰዓት ይመዘግባሉ። የሚወስደው ገንዘብ ሳይሆን ቀን ነው። ለአሥር ደቂቃ በረራ ሜዳ ላይ መዋል አለ። ወጣት ልጆች ላሏችሁ፦ በአሜሪካም በአውሮፓም አንድ ልጅ ግላይደር ብቻውን ለማብረር 14 ዓመት ይበቃዋል። ለሞተር አውሮፕላን 16 ነው። ገና ተማሪ የሆነ ልጅ፣ ቤተሰቡ ሀብታም ሳይሆን፣ ሰማይ ላይ ብቻውን መሆን ይችላል ማለት ነው። ይህንን ቀድሜ ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር።

ገንዘብ ሲነሳ ቤሲ ኮልማን ትዝ ትለኛለች። ቺካጎ ውስጥ በጥፍር ሥራ የምትተዳደር ሴት ነበረች። ጥቁር ስለሆነች፣ ሴትም ስለሆነች አሜሪካ ውስጥ የሚያስተምራት አጣች። ፈረንሳይኛ ተማረች፣ ቆጠበች፣ የሚያግዟትን ሰዎች አገኘች፣ ፈረንሳይ ሄዳ ተማረች። ፈቃዷን ያገኘችው እ.ኤ.አ. ሰኔ 15 ቀን 1921 ነው። የእሷ መንገድ ከእኔ ጋር አይወዳደርም። ያኔ አውሮፕላን የእንጨትና የጨርቅ ነበር፤ በሩም ለእሷ ዝግ ነበር። ዛሬ ለእኛ የቀረው በአብዛኛው የገንዘብና የጊዜ ስሌት ነው።

ወደ ፍርሃቱ ልመለስ። «ሞተሩ ቢጠፋስ?» ይሉኛል። ሞተሩ ማግኔቶ የሚባል የእሳት ምንጭ ሁለት አለው፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይቀጥላል። ባትሪው ቢሞት እንኳ ሞተሩ አይቆምም። ሁሉም ቢሆንና ቢጠፋ ደግሞ አውሮፕላን እንደ ድንጋይ አይወድቅም። ሴስና 172 አንድ ሜትር ሲወርድ ዘጠኝ ሜትር ያህል ወደ ፊት ይንሸራተታል። አንድ ሺህ ሜትር ከፍታ ላይ ብሆን ንፋስ ከሌለ የዘጠኝ ኪሎ ሜትር ያህል ምርጫ አለኝ። ይህንን ደጋግመን እንለማመደዋለን። አሰልጣኜ ሳይነግሩኝ ስሮትሉን ወደ ኋላ ይስቡና «ሞተርሽ ጠፋ፤ የት ታርፊያለሽ?» ይላሉ። መጀመሪያ ፍጥነቴን እይዛለሁ፣ ከዚያ ሜዳ እመርጣለሁ።

ስቶልንም እንለማመዳለን። ክንፉ አየሩን የሚቀበልበት ማዕዘን 15 ዲግሪ አካባቢ ሲያልፍ አየሩ ከክንፉ ላይ ይለያል፤ ክንፉም እንደ ቀድሞው መሸከም ያቅተዋል። አውሮፕላኗ ትንቀጠቀጣለች፣ ማስጠንቀቂያው ይጮኻል፣ አፍንጫዋ ይደፋል። ሰውነት መሪውን ወደ ራሱ መሳብ ይፈልጋል። መደረግ ያለበት ግን ተቃራኒው ነው፤ ቀስ ብሎ ወደ ፊት መልቀቅ። ወዲያው ክንፉ መሸከም ይጀምራል። ይህንን ደጋግሜ ከሠራሁ በኋላ የፈራሁት ነገር ስም፣ ምክንያትና መፍትሔ ያለው ነገር ሆነ። ከዚያ በኋላ አውሮፕላን ውስጥ ያለኝ ስሜት ፍርሃት አይደለም፤ ንቃት ነው።

አሰልጣኜ ከሌሎች አብራሪዎች የወረሱትን አንድ ነገር ደጋግመው ያስተምሩኛል፦ «መጀመሪያ አውሮፕላኗን አብርሪ። ከዚያ የት እንዳለሽ እወቂ። ከዚያ በኋላ ተናገሪ።» ሬዲዮው ቢጠራኝም፣ ካርታው ቢጠፋብኝም አውሮፕላኗን ማብረር ይቀድማል። ወር ሲዘጋ ቢሮዬ ውስጥ ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ይጮኻል። አየር ላይ እንዲህ የለም። ተራ አለው። አንድ ሰዓት ስበር ስለ ደረሰኝና ስለ ቀሪ ሂሳብ አንድም ጊዜ አላስብም። በዓለም ላይ ጭንቅላቴን እንዲህ የሚያሳርፍ ሌላ ነገር አላገኘሁም።

ከአውሮፕላኑ ከወረድኩ በኋላም ደስታው አያልቅም። ደመና ማንበብ ጀምሬያለሁ። ሞቅ ባለ ቀን የሚሠራው ነጭ ክምር ደመና ታቹ የት ላይ እንደሚሆን በግምት ማስላት ይቻላል። የአየሩን ሙቀትና ጤዛ የሚሠራበትን ሙቀት ልዩነት በ125 ማባዛት ነው፤ መልሱ በሜትር ይመጣል። አየሩ 25 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ የጤዛው 15 ከሆነ ደመናው 1,250 ሜትር አካባቢ ላይ ይሠራል። አሁን በቢሮዬ መስኮት ሳይ የማየው ሰማይ የሚሰላ ነው። ጠዋት መብረር ለምን እንደሚሻልም ገብቶኛል። ቀዝቃዛ አየር ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ክንፉም ሞተሩም ይወዱታል። ቀኑ ሲግል አየሩ ይሳሳል፣ አውሮፕላኗም ለመነሳት ረጅም መንገድ ትፈልጋለች።

ብቻዬን የበረርኩበትን ቀን ሳልናገር ማለፍ አልችልም። አሰልጣኜ በሩን ከፈቱ፣ ቀበቷቸውን መልሰው አሰሩ፣ «ሦስት ጊዜ አርፈሽ ተመለሽ» ብለው ወረዱ። ሁሉም አብራሪ እንደሚለው ነው፤ የአንድ ሰው ክብደት ሲቀነስ አውሮፕላኗ በፍጥነት ትነሳለች። የጠበቅሁበት ቦታ ላይ ሳልደርስ መሬቱን ለቀቅን። ዞር ብዬ ባዶውን ወንበር አየሁና ጮክ ብዬ ሳቅሁ። ከዚያ ሥራ ነበረኝ። ፍጥነት፣ ፍላፕ፣ ሬዲዮ፣ መንደርደሪያው። ዓይኔን ወደ መንደርደሪያው መጨረሻ አደረግሁ፤ መሬቱ ሲቀርብ ስሮትሉን ዘግቼ አፍንጫዋን ቀስ እያልኩ ያዝኩ፣ ያዝኩ፣ ነካች። በሕይወቴ በዚያ ልክ የራሴ የሆነ ነገር ሠርቼ አላውቅም። ያን ቀን ፈቃድ አልነበረኝም፤ ብዙ ሰዓት ይቀረኝ ነበር። ትምህርቱን እዚያ ባቆመው እንኳ የከፈልኩት ሁሉ ተከፍሎኝ ነበር።

ፈቃድ ካገኙ በኋላ ወጪው ይቀንሳል፤ አሰልጣኝ አይከፈልም። ተሳፋሪ አስከፍሎ ማትረፍ ለግል አብራሪ አይፈቀድም። ወጪን ከጓደኛ ጋር መካፈል ግን በአሜሪካም በአውሮፓም ይቻላል። ሁለት አብራሪዎች ከሆኑ ደግሞ አንዱ ሲሄድ፣ ሌላው ሲመለስ ያበራል። እኔና አንዲት የክፍል ጓደኛዬ እንደዚህ ነው የምናደርገው። አራት ወይም አምስት ሆኖ አንዲት አሮጌ አውሮፕላን በጋራ መግዛትም የተለመደ ነው። እኛም እያሰብንበት ነው፤ ሰነዱን እኔ እያዘጋጀሁ ነው።

መጀመር ለምትፈልጉ፣ ስልክ ስትደውሉ እነዚህን ጠይቁ። የሰዓቱ ዋጋ ነዳጅን ይጨምራል? አሰልጣኙ ለብቻ ነው የሚከፈለው? ሰዓቱ የሚቆጠረው ከሞተር መነሳት ነው ወይስ ከመሬት መነሳት? የማረፊያ ክፍያ አለ? ስንት አውሮፕላን አላችሁ፣ አንዷ ለጥገና ስትገባ ተማሪው ምን ይሆናል? ከአንድ አሰልጣኝ ጋር መቀጠል እችላለሁ? የመጨረሻው ለእኔ ከዋጋው በላይ ነው። አሰልጣኝ በተቀያየረ ቁጥር አዲሱ ሰው እናንተን ለማወቅ አንድ ሰዓት ይፈልጋል፤ ያንን ሰዓት የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ።